በእናቴ ነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ቆሎ

ባለፈው ማክሰኞ ከአሰላ ገበያ ወደ ቤቴ ለመመለስ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ገና ዘንቢሌን ሳስተካክል፣ አንዲት ወጣት እናት ሦስት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጅቷ መንገድ ዳር ሙዝ አይታ ኖሮ፣ ባጃጁ ሲነሳ ጩኸቷን ለቀቀችው። እናትየዋ መጀመሪያ ለመነቻት። ቀጥላ ተቆጣቻት። «ፖሊስ ይወስድሻል» አለቻት፤ ፖሊሱ ግን ወዲያ ማዶ በቆሎውን ይበላል እንጂ ዞርም አላለ። በመጨረሻ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት፤ ጸጥ ሆነ። ልጅቷ ያን ጊዜ ምን እንደተማረች እኔ ዐውቃለሁ፤ በደንብ ከጮኹ ስልክ ይገኛል። አርባ ዓመት ልጅ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ልናገር ምላሴን በላኝ። ግን በዚህ ዘመን የሰው ልጅ ላይ አስተያየት መስጠት ጠብ መግዛት ነው ብዬ አፌን ይዤ ወረድኩ። የወረድኩበት ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት በብረት ምጣድ ገብስ ትቆላ ነበር። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ይኸው ሰባ ዓመት ያለፈኝ አሮጊት መንገድ መሀል ቆሜ የእናቴን የነጠላ ጫፍ በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

ዘመኑ የትኛው ነው ብትሉኝ እንጃ፤ ጃንሆይ በዙፋናቸው ነበሩ፣ ከዚያ በላይ አልመረምርም። ከረሜላ ሦስቱ በአምስት ሳንቲም፣ አንድ ክንድ አቡጀዲ በስሙኒ የሚሸጥበት ጊዜ ነበር ብል ይበቃል። የአሰላ ዋና መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር፤ የጋሪ ፈረሶች አንገታቸው ላይ ባለው ቃጭል ከሩቅ ይታወቃሉ፣ እኔ እንዲያውም ጋሪው ሳይታየኝ የማን እንደሆነ እለይ ነበር። ጭላሎ ከነጉሙ ከላይ ይመለከተናል። ብርዱ ዛሬም አለ፣ ግን ያን ጊዜ ብርዱም ወፍራም ነበር ልበል? ሴቶቹ ከነጠላቸው ሥር ሹራብ ይደርባሉ፣ ወንዶቹ ካኪ ኮታቸው ላይ ጋቢ ይጥላሉ። ጎሚስታው ደጃፍ ላይ የሚቃጠል ጎማ ሽታ፣ ከዓረቡ ሱቅ የቅርንፉድና የላምባ ሽታ፣ ከሻይ ቤቱ የሸክላ ዘፈን ይመጣል። ሸክላው ተጭሮ ኖሮ ዘፋኙ አንዱን ቃል አራት አምስት ጊዜ ይደጋግመዋል፤ እኛ ልጆች ዘፈኑ እንደዚያው የተዘፈነ መስሎን ስንደጋግመው እንውላለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዲክሲስ በኩል ገብስና ቅቤ፣ ከዴራ ቆላ ፍየል ይመጣና ገበያው እስከ መንገዱ ይሞላል።

እናቴ ብዙነሽ ጥልፍ ጠላፊ ነበረች። አባቴን ተከትላ ከሸዋ መጥታ፣ እኔ ጡት ሳልጥል አባቴ ሲሞት አገሩ ላይ ብቻዋን ቀረች። ያላት መርፌና እጅ ነው። ቤት ካላቸው ሴቶች ዘንድ እየሄደች የቀሚስ ጥለት፣ የትራስ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ ትጠልፋለች። ሥራው ከሰው ቤት ተቀምጦ ነው የሚሠራው፤ ክሩም ጨርቁም የባለቤቶቹ ስለሆነ ከግቢ አይወጣም። እኔን የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ በሄደችበት ሁሉ ትወስደኛለች። እኔ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ አልቃሻ ነበርኩ። ያየሁትን ሁሉ ስጡኝ እላለሁ፤ ካልተሰጠኝ መሬት ላይ ተንከባልዬ ሰፈር አሰማለሁ። አንድ ቀን የአንድ ነጋዴ ሚስት እናቴን «ብዙነሽ፣ እጅሽ ወርቅ ነው፤ ልጅሽ ግን ቤቴን አመሰችው። ሌላ ጊዜ ብቻሽን ስትሆኚ ነይ» ብላ አሰናበተቻት። እናቴ ብቻዋን የምትሆንበት ጊዜ አልነበረም። እኔ እንዲህ ስጮህ ከቀጠልኩ የሚያስገባን ቤት አይኖርም፤ የሚያስገባን ቤት ከሌለ ደግሞ የምንበላው የለም። ያን ቀን ግን አልመታችኝም። መንገዱን ሁሉ እያሰበች እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሰነፍ ቆሎ ቆላች። የማያውቀው ካለ፣ ሰነፍ ቆሎ ልብሱ በቀላሉ የሚለቅ ገብስ ነው፤ ሲቆረጠም ድምፁ ከጎረቤት ይሰማል፣ ጣዕሙም ጥርስ ውስጥ ይቆያል። አንድ እፍኝ ያህሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ወጣን። ምንም አልነገረችኝም። ደንበኛዋ ቤት ገብተን አጠገቧ ስቀመጥ፣ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ እንዳልኩ እጇ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሄደ፤ ቋጠሮውን ፈታ አድርጋ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ አራት አምስት ፍሬ መዳፌ ላይ ጣል አደረገችልኝ። እኔ ቆረጠምኩና «ጨምሪልኝ» አልኩ። ቋጠሮው ጠበቀ። አለቀስኩ። ይኼኔ እናቴ ቆሎዬን አውጥታ ራሷ ትቆረጥመው ጀመር፤ አንድ በአንድ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዓይኗ ከጥልፉ ሳይነሳ። በልጅነቴ የደረሰብኝን ቅጣት ሁሉ ብታስቡ እንደዚያ ያንገበገበኝ የለም። ባለቀስኩ ቁጥር ቆሎዬ እያለቀ መሆኑ ሲገባኝ ዝም አልኩ። ዝም ባልኩ በጥቂት ጊዜ እጇ እንደገና ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሄደ።

በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ልጅ ሆንኩ። እናቴ ደግሞ ብልሃቷ አያልቅም፤ ጨዋ ስለሆንኩ ብቻ ሁልጊዜ አትሰጠኝም። አንዳንዴ ሦስት ቤት ገብቼ እንደ ትልቅ ሰው ተቀምጬ ምንም የለም፤ በአራተኛው ከቆሎው መሀል ከረሜላ ይወጣል። መቼ እንደሚመጣ ስለማላውቅ ሁልጊዜ ጨዋ ነበርኩ። ቁንጥጫ አልነበረም ብዬ አልዋሽም፤ ነበር፣ በነጠላ ሥር፣ እሷ ከባለቤቲቱ ጋር እየሳቀች፣ ፊቷ ሳይለወጥ። ግን በእድሜዬ የማስታውሰው ሁለቴ ነው። የቀረውን ሥራ የሠራው ገብሱና ዓይኗ ነው። ዓይኗ ሦስት ነገር ይናገር ነበር። አፍጥጣ ካየችኝ «ተይ» ነው። ወደ መሬት ዝቅ ካደረገችው «እምቢ በይ» ነው። ቀስ ብላ ከከደነችው «ተቀበዪ» ነው። ከሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» እላለሁ፤ ሆዴ ጾሙን ቢውልም እላለሁ። ሲደግሙኝ እናቴን አያለሁ። ከከደነች በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ዝቅ ካደረገች ጠግቤያለሁ፣ አለቀ።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ በዚህ ነገር ትገረም ነበር። እሷ ከዲክሲስ በኩል መጥታ አሰላ የከተመች ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ስድስት ልጆች ነበሯት። እኔን ለመፈተን ወተት በጣሳ ሞልታ «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ! ነይ ልጄ፣ ጠጪ!» ትለኛለች። እኔ ወደ እናቴ እዞራለሁ። አዴ ፋጡማ ሳቋ ይመጣና «ብዙነሽ፣ ይቺን ልጅ በምን አሰርሻት? የእኔዎቹ ጥጆች ናቸው፣ ጆሮዬን በሉት!» ትላለች። ነገር ግን እሷም የራሷ ዘዴ ነበራት። ከልጆቿ አንዱ ደኅና ነገር ሲሠራ ገበያ መሀል ቆማ፣ ለማታውቀው ሰው ሳይቀር፣ «ማሻ አላህ፣ ይኼን ልጅ አያችሁት? ለአሮጊቷ እንጨት ተሸክሞ!» ብላ ታሰማለታለች። ልጁ ጆሮው እስኪቀላ ያፍራል፣ በማግስቱም ሌላ አሮጊት ፍለጋ ይሄዳል። ከወንዙ ማዶ የምትኖር አንዲት ሴት ደግሞ ልጇ ሲያጠፋ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፣ ሌላ የለም፤ ልጁ በዙሪያዋ እየዞረ ፊቷን ይፈልጋል። ቅዳሜ ገበያ መሀል ቆሞ ላስተዋለ ሰው እያንዳንዷ እናት የራሷ ትምህርት ቤት ነበራት። ማንም ፊደል አላስቆጠራቸውም። ዛሬ ሳስባቸው ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሣላቸው ነበር።

እናቴ ሥራዋ ተስፋፋ። በመጨረሻም የወይዘሮ አስካለን ቤት አገኘች። ወይዘሮ አስካለ የአንድ ትልቅ ሹም ባለቤት ነበሩ፤ ግቢያቸው ባለ ባሕር ዛፍ፣ ቤታቸው ባለ ቆርቆሮ፣ ወለሉም ጣውላ ነበር። አንዲት ሰብለ የምትባል የእኔ እኩያ ልጅ ነበረቻቸው። ያን ክረምት እናቴ ለእሳቸው የአልጋ ልብስ ትጠልፍ ነበር፤ ዙሪያውን ሁሉ አበባ። እኔ አጠገቧ ቁራጭ አጎዛ ላይ እቀመጣለሁ። ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር። በዚያን ጊዜ በከተማው ሴት ልጅ ትምህርት ቤት የሚልክ ጥቂት ነው፤ የእኔ ዓይነቷማ ጨርሶ አትታሰብም። እናቴ ግን በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ስናልፍ ሁልጊዜ እርምጃዋን ታዘገይ ነበር። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲቆጥሩ እስኪጨርሱ ትቆማለች። ለምን እንደምትቆም ጠይቄያት አላውቅም፤ እኔ መጠየቅ የማላውቅ ልጅ ሆኜ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወይዘሮ አስካለ ከሁለት እንግዶች ጋር ተቀምጠው ሳለ ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ልጅ፣ ጨዋነትሽን ሁልጊዜ ነው የማየው። ሰብለ በመስከረም ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፣ ብቻዋን መሄድ ፈርታለች። ከእሷ ጋር ብልክሽ ትሄጃለሽ? ደብተርሽንም ልብስሽንም እኔ እችላለሁ» አሉ። እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው እየሰጠኝ ነው። አፌ ከእኔ ቀድሞ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» አለ። እንግዶቹ በሳቅ ወደቁ። አንደኛዋ «ሳትቀምሰው ጠገበች!» አለች። ወይዘሮ አስካለም እየሳቁ «ኧረ ምግብ አይደለም፣ ትምህርት ቤት ነው! ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?» ብለው ደገሙልኝ። ሁለተኛ ጊዜ ነውና እናቴን አየሁ። እናቴ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ወደ ወለሉ ታያለች። ሕጉን ዐውቃለሁ። «አልፈልግም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ።

ወይዘሮ አስካለ ትንሽ ቅር አላቸው። «እንግዲህ በግድ አይሆንም። የዘበኛችንን ልጅ እልካለሁ» አሉና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። እናቴ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። አንድ ጊዜ እምቢ የተባለን ነገር መልሶ መለመን በእናቴ ዘንድ ነውር ነበር፤ ደግሞ ከእንግዳ ፊት። መርፌውን አነሣችና ቀጠለች። ያን ቀን የጠለፈችው አበባ ጠማማ ሆኖ በማግስቱ ፈትታ እንደገና እንደሠራችው አስታውሳለሁ፤ በእድሜዋ የፈታችው ጥልፍ እሱ ብቻ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ጭቃው ውስጥ እጄን ሳትይዝ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ጥፋት እንዳጠፋሁ ገብቶኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ቤት ገብታ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ወደ ፊት ሳበችና ቋጠሮውን ፈታችው። አራት አምስት ፍሬ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ሁሉንም ገለበጠችልኝ፤ ቆሎውን ሁሉ፣ ከመሀሉም ሁለት ከረሜላ። ሁለት ከረሜላ በአንድ ቀን አግኝቼ አላውቅም።

«ለምን?» አልኳት።

«ያስተማርኩሽን ነው ያደረግሽው። አንቺ አላጠፋሽም። ያጠፋሁ እኔ ነኝ።»

«ዓይንሽን ዝቅ አድርገሽ ነበር እኮ።»

«እንባዬ መጥቶብኝ ነው ልጄ። እንዳያዩብኝ ነው።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ «ትምህርት ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ዓይኗን አየሁ። ወደ የት እንደሚሄድ፣ ይከደን እንደሆነ፣ ዝቅ ይል እንደሆነ ጠበቅኩ።

«እኔን አትይ!» ብላ ጮኸች። በእኔ ላይ ስትጮህ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ ነው ያልኩሽ!»

እውነቴን ነው፣ ከውስጤ ብፈልግ ብፈልግ ምንም አጣሁ። እናቴ ሁለት እጇን በሁለት ጉንጮቿ ላይ አድርጋ አየችኝ። የደነገጠችው ትምህርት ቤቱ ስላመለጠ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ እኔም ልጅ ወልጄ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ዕድሌ ነው ብሎ ይተወው ነበር። እናቴ ግን በማግስቱ ማልዳ ተነሥታ እንደገና ሰነፍ ቆሎ ቆላች። እስከ እንቁጣጣሽ ሁለት ሳምንት አይሞላም ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ከበዓሉ በኋላ ነው የሚመዘግበው። ቁጭቷን በእኔ ጉንጭ ላይ እንዳትወጣው ነው መሰል ሥራዋን ጀመረች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ውኃ ወይስ ወተት?» ትለኛለች። ዞሬ ፊቷን ለማየት ስሞክር እሷም ትዞራለች፤ በጠባቧ ቤት ውስጥ ሁለታችን እንደ ወፍጮ ስንዞር ላየን ያበድን እንመስል ነበር። መጀመሪያ በጣቴ ሳመለክት ቆሎ ሰጠችኝ። በሁለተኛው ቀን ጣት አይበቃም፤ «ወተት» ማለት አለብኝ። በአራተኛው «ወተት እፈልጋለሁ» ካላልኩ ቋጠሮው አይፈታም። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! ከዚያ ወደ ሰው ወሰደችኝ። አዴ ፋጡማ ወተቷን ስትዘረጋልኝ እናቴ ከበሩ ውጪ ትቆማለች። አዴ ፋጡማ ሳቀች፣ በኋላ ግን ተቆጣች። «ብዙነሽ፣ ትናንት ዝም በይ፣ ዛሬ ተናገሪ! ልጅቷን ልታሳብጃት ነው ወይ?»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲሉ እየሰማሁ፣ እኔ አፏን ሰፋሁት» አለቻት እናቴ። «የሰፋሁትን እኔው እፈታዋለሁ።»

አዴ ፋጡማ ይኼን ስትሰማ ወተቱን መልሳ ያዘችና «እንግዲያው ጮኸሽ ንገሪኝ፣ ኢንታላ ኮ። እኔ ዛሬ ጆሮዬ አይሰማም» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ከሁሉ የከበደኝ የዓረቡ ሱቅ ነበር። እናቴ ከመንገዱ ማዶ ቆማ እኔን ብቻዬን ላከችኝ፤ ቀይ ክር ስንት እንደሆነ መጠየቅ አለብኝ። ባንኮኒው ከራሴ በላይ ነው። ሽማግሌው ዓረብ ከላይ ሆኖ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲለኝ ዞሬ ሮጥኩ። እናቴ አልተቆጣችም፣ ቆሎም አልሰጠችኝም፣ እጄን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ። በማግስቱ እንደገና። ሮጥኩ። በሦስተኛው ቀን «ክር» አልኩና ሮጥኩ፤ ለእሱ ሦስት ፍሬ አገኘሁ። በጳጉሜ የመጨረሻ ቀን «አባባ፣ ቀይ ክር ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሽማግሌው ይኼ ሁሉ ቀን ሲያየኝ ከርሞ ኖሮ ክሩንም ከረሜላም በነጻ ሰጠኝ። እኔም ከልምዴ «ጠግቤያለሁ» ልል ስል ያዝኩት።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። የሰፈሩ ሴት ልጆች አደይ አበባና እርጥብ ቄጠማ ይዘን፣ እየዘፈንን፣ ከቤት ቤት ዞርን። እኔ አዲስ የአቡጀዲ ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ጥለቱን እናቴ ከተራረፈ ክር ስለጠለፈችው ሰባት ዓይነት ቀለም ነበረው። ወይዘሮ አስካለ ግቢ ስንደርስ ደረጃው ላይ ወጡና ለእያንዳንዳችን ዳቦና አሥር ሳንቲም ይሰጡን ጀመር። ሰብለ አጠገባቸው ቆማለች። እናቴ ከኋላ ተከትላን መጥታ በሩ ላይ ነበረች። ተራዬ ደረሰ። አሥር ሳንቲሙን ሲዘረጉልኝ እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ።

«እንዴ፣ ዛሬም ጠግበሻል?» አሉኝ፤ ሌሎቹ ልጆች ሳቁ።

ልማድ አይለቅምና ወደ በሩ ዞርኩ፣ ዓይኗን ልፈልግ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ነጠላዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። ትዞራለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልዞረችም። ቤት ውስጥ ስታለማምደኝ እንጂ ሰው ፊት፣ ሳጠፋ እንኳ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ አታውቅም። ይኼኔ ነው ሁሉ ነገር የእኔ መሆኑ የገባኝ።

«ሳንቲም አልፈልግም» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንኳ አልተሰማኝም። የአዴ ፋጡማ ጆሮ ትዝ አለኝና ጮኽኩ። «ትምህርት ቤት እፈልጋለሁ!»

ዘፈኑ ቆመ። ወይዘሮ አስካለ «ያን ቀን አልፈልግም አላልሽኝም?» አሉኝ።

«ያን ቀን እናቴን እያየሁ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።»

ወይዘሮ አስካለ ከራሴ በላይ ወደ በሩ አዩ። እሳቸውም እናት ነበሩና ገባቸው። ከዚያ «የዘበኛውን ልጅ አንዴ ተስፋ ሰጥቻታለሁ፣ አልነፍጋትም» አሉ። አንገቴን ደፋሁ። «ግን ሰብለን ሁለት ሆነው ቢያጅቧት ምን ትሆናለች? ሰኞ ጠዋት ነይ።» አሥር ሳንቲሙንም አልመለሱትም፤ እጄ ውስጥ አስጨበጡኝ። ወደ በሩ እየሮጥኩ ስደርስ እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ነበር። እጇ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሲሄድ አየሁና «አልፈልግም፣ አንቺ ብዪው» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሳላይ እምቢ ያልኩት ያን ለት ነው። ስቃ ቆረጠመችው።

ዓመታት አልፈው መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ፣ አንድ አስተማሪያችን ሳጥን ውስጥ ስለተዘጋች አይጥ አስተማረን። አይጢቱ አንድ ብረት ስትነካ እህል ይወድቅላታል፣ ሁልጊዜ ካልወደቀላት ደግሞ የበለጠ ትነካለች፤ ይኼን ለማወቅ የተማሩ ሰዎች ብዙ ደክመዋል አለን። እኔ ከኋላ ወንበር ሳቄ አመለጠኝ። ምን ያስቅሻል ሲለኝ «ጌታዬ፣ እናቴ በሰነፍ ቆሎ ሠርታዋለች» አልኩ። እሱም ሳቀ፤ ግን አላመነኝም። አይጢቱን ከሳጥኑ ስለ ማውጣት ምንም አላስተማረንም። እናቴ ግን እሱንም ታውቅ ነበር። እኔን በቆሎ አስራኝ በቆሎ ፈትታኛለች፤ እኔ አርባ ዓመት ሳስተምር የቻልኩት የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን ሁልጊዜ አልቻልኩም።

እናቴ ብዙ ኖረች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ማስታወስ አቃታት። እኔን ማን እንደሆንኩ አታውቅም፣ አሰላ መሆኗንም አታውቅም። ከሁሉ የከፋው መብላት እምቢ ማለቷ ነው። ሠራተኛዬ ምግብ ስታቀርብላት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» ትላለች፤ ሰው ቤት ያለች መስሏታል። ለመንናት፣ ተቆጣናት፣ እኔም ተሸንፌ እንደ ባጃጇ እናት በየዓይነቱ ነገር ላባብላት ሞከርኩ። በሦስት ቀን ውስጥ ጉንጯ ጎደጎደ። ሐኪሙ ካልበላች አትቆይም ብሎን ሄደ። በአራተኛው ቀን ሠራተኛዬ ገንፎ በማንኪያ ስትዘረጋላት፣ እናቴ «ጠግቤያለሁ» አለችና ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። ይኼን አስተያየት ዐውቀዋለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲደግሙላት ወደ እኔ ታይ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንባዬን ላለማሳየት ዓይኔን ወደ መሬት ዝቅ አደርግ ነበር።

ዓይኔን ቀስ ብዬ ከደንኩ።

ስገልጠው አፏን ከፍታ ነበር። ሳህኑን ጨረሰች። ሠራተኛዬ አፏን ይዛ ታለቅሳለች፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ዝም ባልኩ በጥቂት ጊዜ የእናቴ እጅ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሄደ። እዚያ ምንም የተቋጠረ ነገር አልነበረም። እሷ ግን ፈታ አደረገች፤ ወደ እኔ ሳትዞር ከዚያ ባዶ ጨርቅ አራት አምስት ፍሬ ያህል ለቅማ መዳፌ ላይ ጣል አደረገችልኝ። እኔም ወደ አፌ ወስጄ ቆረጠምኩት።